የተዘለለው ወንድም፦ ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤት ሥራ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን የቤተሰቧን የዘር ሐረግ በወረቀት ላይ ሠርታ እንድታመጣ ታዘዘች። በእኔ በኩል ያለው ቶሎ አለቀ፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ከአያቴ አባት ስም ወዲያ አላውቅም። በባለቤቴ በኩል ግን ችግር አልነበረም። ከወላይታ መጥተው ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ዕድሜያቸው ሰማንያ ዓመት ቢያልፍም ሰባት ቤት ወደ ላይ ሳይደናቀፉ ይቆጥራሉ። እኛም ልጆቹም "አባባ" ነው የምንላቸው።

እሳቸው እየቆጠሩ፣ እሷ እየጻፈች ከአባባ ወላጅ አባት ደረሱ። "የእርስዎ እህትና ወንድሞችስ?" አለቻቸው። አራት ስም ጠሩላት። ባለቤቴ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ "አባባ፣ ታላቅ ወንድምዎስ?" ሲላቸው ዝም አሉ። ቆየት ብለው "እሱ ሄዷል" አሉና ከወትሮው ቀደም ብለው ለጸሎት ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ባለቤቴ ስለዚህ አጎቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ወንጌል ይዞ አሪ ሄዶ በዚያው ቀረ" ይባላል። ልጃችን ወረቀቱ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ትታ ሥራዋን አስረከበች። ውድ አንባቢያን፣ ያ ባዶ ቦታ ወዴት እንደ ወሰደን ላጫውታችሁ።

ወንጌል ይዘው የሄዱት

የወላይታን የወንጌል ታሪክ ለማያውቅ ሰው "አሪ ሄዶ ቀረ" የሚለው አባባል ላይገባው ይችላል። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያ የገቡት በታኅሣሥ 1920 ዓ.ም ነው። በ1929 ዓ.ም የጣልያን ወራሪ ከሶዶ ሲያስወጣቸው በወላይታ የተጠመቁት አማኞች ቁጥር 48 ብቻ ነበር። በወረራው ዘመን መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ግን አሥር ሺህ ያህል አማኞች ያሉባትን ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ያገኘችውን ለራሷ ብቻ አላስቀረችም። ልጆቿን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ እስከ አሪ ምድር ድረስ ላከች። ወንጌላውያኑ ሚስትና ሕፃናት ይዘው በእግራቸው ተጓዙ። ቋንቋውን በሄዱበት ተማሩ፤ የኖሩትም አጥቢያዎች በሚያዋጡት ጥቂት ብር ነበር። እንደ ማሃይ ጮራሞ ያሉት የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ ታትሟል። የብዙዎቹ ስም ግን የቀረው በቤተ ዘመድ አፍ ብቻ ነው። የአባባ ታላቅ ወንድም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። የሄዱት በ1943 ዓ.ም ሲሆን አባባ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ።

በስም የማይገኝ ዘመድ

ልጃችን በትምህርት ቤት ያስረከበችውን ወረቀት ረስታ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች ብለን ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ ስልኳን ይዛ ፍለጋ ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ "እማዬ፣ የእኛ ሰው በስም አይገኝም" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ፈረንጆች ዘመዳቸውን የሚፈልጉት ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ የቤተሰብ ስም ነው። የእኛ ስም ግን አይወረስም። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፤ የልጅ ልጅ የአያቱን ስም በሦስተኛ ደረጃ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ከወረቀት ይጠፋል። በሴት ልጅ በኩል ከሆነ ደግሞ በአንድ ትውልድ ያልቃል። የልደት መዝገብ እንመልከት ብንልም፣ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። በደርግ ዘመን በደቡብ ብዙ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች ተዘግተው ንብረታቸው ሲወሰድ አብሮ የጠፋው ወረቀት ስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

የአጻጻፉም ነገር አለ። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል። አንዱ ስሙን በዚያ ሥርዓት ይጽፈዋል፤ ሌላው እንግሊዝኛ አስመስሎ ይጽፈዋል፤ ሌላው በአማርኛ ፊደል ይጽፈዋል። ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙ የተለወጠም አለ። ስለዚህ አንዱን ስም በአምስትና በስድስት ዓይነት መፈለግ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ልጃችን ስም መፈለጓን ትታ ጠያቂ ሆነች። የጂንካና የአካባቢው ተወላጆች በሚሰበሰቡበት የፌስቡክ ገጽ ላይ የአያቷን ወንድም ስም ከነአባታቸው፣ ከሶዶ የተነሡበትን ዘመንና ወንጌላዊ እንደነበሩ ጻፈች። ጎሳቸውን ግን ሆን ብላ አልጻፈችም። በወላይታ ጎሳ በአባት በኩል ይወርዳል፤ ከአንድ ጎሳ የሆኑ ሰዎችም አይጋቡም። ከዚህ የተነሣ ሩቅ አገር የሄደ ቤተሰብ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ጎሳውን አይረሳም። "እውነተኛ ዘመድ ከሆነ ጎሳችንን እሱ ይንገረኝ" አለች። በልጄ ብልሃት ተደነቅሁ።

መጀመሪያ የመጣው መልስ ውጭ አገር እኖራለሁ ከሚል ሰው ነበር። "የእናንተው ደም ነኝ" ብሎ ጻፈ፤ በሦስተኛው ቀን ለሕክምና ገንዘብ ጠየቀ። ጎሳውን ስትጠይቀው ጠፋ። ሁለተኛው መልስ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጂንካ ከሚኖር አንድ መምህር ነው። "ይህ የእናቴ አባት ስም ነው" ይላል። የመምህሩ ስምና የአባቱ ስም ከእኛ ጋር ምንም የሚያገናኘው ስለሌለ፣ በስም ብቻ ብንፈልግ ዕድሜ ልካችንን አናገኘውም ነበር።

ጎሳውን ጠየቅነው። እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ የድምፅ መልእክት ላከልን። ስልኩን በአባባ ፊት ከፈትነው። አንዲት እናት በተሰባበረ ወላይትኛ ጎሳውን በትክክል ጠሩ። ከዚያም ጨመሩ፤ "አባታችን ወደዚህ ሲመጣ ቦራ የምትባል ጊደሩን ለቤተሰቡ ትቶ እንደ መጣ ይነግረን ነበር።"

እኛ በደስታ ጮኽን። አባባ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ።

የቦራ ልጆች

አራት ቀን ሙሉ አባባ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። መምህሩ "እናቴ በምስል ልታያቸው ትፈልጋለች" ብሎ ደጋግሞ ቢደውልም "ነገ" እያሉ አሳለፉት። እሑድ ከአምልኮ ከተመለስን በኋላ ባለቤቴንና እኔን ጠርተው በሩን አስዘጉን።

"ቦራ አርጅታ ሞተች። ልጆቿ ግን ሁለት ላሞች ሆነው ነበር። የወንድሜ ነበሩ። በ1957 ሳገባ ለሠርጌ ሁለቱንም ሸጥኋቸው። እናታችሁም አላወቀችም። በዓመቱ ከወንድሜ ደብዳቤ መጣ። ምን ብዬ ልመልስ? ነገ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ሳለ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።"

ባለቤቴ አቀርቅሮ ቀረ። የተወለደበት ትዳር የተጀመረው በዚያ ገንዘብ ነው። ሁላችንም በየጉባኤው ምስክርነት የምንሰጥበት ትዳር ነው። እኔም ስለ ዘር ሐረግ ያለኝ አሳብ በዚያች ሰዓት ተለወጠ። ዘመድ መፈለግ የጠፋን ስም ማግኘት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስሙ የተዘለለበት ምክንያት እንዳለው ግን አላሰብኩም ነበር።

"በስልክ ልንገራት?" አሉ አባባ። ከዚያ ለራሳቸው መለሱ። "አይሆንም። ወንድሜ በእግሩ ነው የሄደው።"

መንገዱ

በጥር 2017 ዓ.ም፣ በአንድ ረቡዕ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን። በቡታጅራ፣ በወራቤና በሆሳዕና አድርገን ሶዶ ስንደርስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘናል። ጥር ደረቅ ወር ቢሆንም ከሆሳዕና ወዲያ የእንሰቱ አረንጓዴ ዓይን ያሳርፋል። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና ትልልቅ ሕንፃዎች ያሏት ከተማ ናት። አባባ ግን ከተማውን አልተመለከቱም። በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ስንወጣ ከመንገድ ዳር አስቆሙን። "እዚህ ድረስ ጓዙን ተሸክሜ ሸኘሁት" አሉ። ሕንፃ የሞላበትን ቦታ እያዩ ለጥቂት ደቂቃ ቆሙና ተመልሰው ገቡ።

ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወደ ቆላ ሲወርድ የዐባያ ሐይቅ በስተ ግራ ቡናማ ሆኖ ይታያል። አርባ ምንጭ አድረን የጫሞን ዓሣ በላን። አባባ ትንሽ ቀምሰው ተዉት።

ዓርብ ጠዋት ወደ ኮንሶ ቀጠልን። ኮንሶዎች ተራራቸውን በድንጋይ ካብ እርከን በእርከን አድርገው የሚያርሱ ሕዝብ ናቸው፤ መልክአ ምድራቸውም በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ መንገዱ ወደ ወይጦ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ የመኪናውን መስኮት ያቃጥላል፤ ከግራር በቀር ጥላ የለም። ባለቤቴ መኪናውን እየነዳ "እዚህ ላይ ሕፃን ታቅፎ በእግር!" አለ። ሌላ ማንም አልተናገረም። ከወይጦ በኋላ በቀይ አፈር በኩል ዳገቱን ወጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ጂንካ ገባን።

የአሪ ደጋ ከጂንካ በላይ ነው። እንሰቱን፣ ቡናውንና ኮረሪማውን አይተው አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አገሩን መስሎት ነው የቆየው" አሉ።

"እናቴ አለች ወይ?"

መምህሩ እየመራን ወደ እናቱ ቤት ደረስን። እናቲቱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። አባባን ከሩቅ እንዳዩ "ሳሮ፣ ሳሮ" እያሉ መጥተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። በኋላ እንደ ነገሩን አረማመዳቸው ሁሉ የአባታቸው ነበር። የቡና ገለባ በቅል ቀረበልን። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ተዘመረ፣ ተጸለየ።

ሰው ሲበተን አባባ ተነሥተው ቆሙ። ስለ ላሞቹ ያለውን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። መምህሩ ለእናቱ አሪኛ እየቀላቀለ ያብራራላቸው ነበር። ሴትየዋ አዳምጠው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

"አባቴ ስለ ላም ሲያወራ የሰማሁት ለጨዋታ ነው። በዚያ ደብዳቤ የጠየቀው 'እናቴ አለች ወይ?' ብሎ ነው። መልስ ሲጠፋ ሞታለች ማለት ነው አለ። ለቅሶ ተቀመጠ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።"

አባባ ከመቀመጫቸው ላይ ወደቁ ማለት ይቻላል። እናታቸው ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ያረፉት በ1967 ዓ.ም ነው። እኒያም እናት በበኩላቸው ልጃቸው በበረሃ ሞቷል እያሉ ያለቅሱ ነበር። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ አንዱ ለሌላው ለቅሶ ተቀመጡ፤ በመካከል የነበረው አንድ ያልተጻፈ ደብዳቤ ብቻ ነው።

በዚያች ሌሊት ማንም በደንብ የተኛ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ገበያ

የጂንካ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው። አሪው፣ ባናው፣ ሙርሲው፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ነጋዴ ይገናኝበታል። አባባ በማለዳ ተነሥተው "ወደ ከብት ተራ ውሰዱኝ" አሉ። የወንድማቸው ልጅ እንዳይቀየሙ ፈርተን ልናስቀራቸው ሞከርን። አልሰሙንም። ሁለት ጊደሮች መረጡ፤ ራሳቸው ተከራክረው ገዙ። ለዓመታት ያጠራቀሟትን የጡረታ ገንዘብ ከኪሳቸው ሲያወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጊደሮቹን እየነዳን ስንመለስ ሴትየዋ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። "አልወስድም" ይላሉ ብዬ ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ያመጣውን አንድ ሁለት ጊዜ "ምን አስቸገራችሁ" ማለት ወግ ነው። እሳቸው ግን ገመዱን ተቀበሉ።

"እነዚህን እቀበላለሁ" አሉ። "አጎቴ ይህን ዕዳ ይዞ መሄድ የለበትም። ስለ አያቴ የሆነው ግን በገበያ የሚከፈል አይደለም። እሱን ትቼልሃለሁ፤ አባቴም ቢኖር ይተው ነበር።"

እኔም ያዕቆብና ዔሳው የተገናኙበትን ታሪክ (ዘፍጥረት 33) አሰብኩ። ዔሳው መጀመሪያ "ይበቃኛል" ብሎ መንጋውን ሊመልስ ነበር፤ ያዕቆብ አጥብቆ ሲለምነው ግን ተቀበለ። ዔሳው ለምን እንደ ተቀበለ ከዚያ በፊት አስቤበት አላውቅም ነበር። የበደለ ሰው የሚሰጠውን መቀበልም ራሱ ይቅርታ እንደሆነ ያየሁት ጂንካ ላይ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንጌላዊው ወደ ተቀበሩበት ቦታ ሄድን። ያረፉት በ1979 ዓ.ም ነው። አባባ በመቃብሩ አጠገብ ተንበርክከው በወላይትኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ባለቤቴ እየሰማ ያለቅስ ነበር። ምን እንዳሉ ጠይቄው አልተረጎመልኝም፤ እኔም አልደገምኩም።

እናንተም ለምትነሡ

ከዚህ ጉዞ በኋላ በአጥቢያችን ብዙ ባልና ሚስት "እኛም የጠፋ ዘመድ አለን" እያሉ ጠይቀውናል። የተማርነውን ባጭሩ እነሆ፦

1. ከስልካችሁ በፊት ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። ድምፃቸውን ቅዱ። የዘለሉት ስም ካለ አስተውሉ፤ ግን አታስጨንቋቸው።

2. በሴት ልጆች በኩል ያለውን የዘር ሐረግ አትርሱ። ዘመዳችሁ የማታውቁትን ስም ይዞ ሊኖር ይችላል። ስሙን በአማርኛም፣ በአካባቢው ቋንቋም፣ በእንግሊዝኛም አጻጻፍ ፈልጉ።

3. የምታውቁትን ሁሉ በአደባባይ አትጻፉ። ጎሳ፣ የቤት ቅጽል ስም፣ የቆየ ታሪክ ለራሳችሁ አስቀሩ፤ እውነተኛውን ዘመድ የምትለዩት በእሱ ነው። በዓይን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

4. በሕይወት ያሉ ሰዎችን ፎቶግራፍና የቤተሰብ ምሥጢር ሳታስፈቅዱ አታውጡ። እኛም ይህን የጻፍነው አባባንና የወንድማቸውን ልጅ ጠይቀን፣ ስማቸውን ሳንጠቅስ ነው።

5. ባልና ሚስት አብራችሁ አድርጉት። የአንዳችሁ ቤተሰብ ዕዳ ሲገለጥ ሌላው ፈራጅ እንዳይሆን አስቀድማችሁ ጸልዩበት።

መጽሐፍ ቅዱስ መጨረሻ በሌለው የትውልድ ቁጥር እንዳንጠመድ ያስጠነቅቃል (1 ጢሞቴዎስ 1፥4)። ማስጠንቀቂያው ለእኛም ነው፤ ዘራችንን የምንቆጥረው ለትምክህት ከሆነ ባንቆጥር ይሻላል። ነገር ግን ደብዳቤ ሳይመልስ የቀረ ሰው በየቤታችን አለ። የዛሬ ዘመን ደብዳቤ ደግሞ ጂንካ ለመድረስ ሳምንታት አይፈጅበትም።

አባባ ዛሬ በየሳምንቱ እሑድ ማታ ከወንድማቸው ልጅ ጋር በስልክ ይነጋገራሉ። ከጊደሮቹ አንዷ ወልዳለች፤ ጥጃዋንም ቦራ ብለዋታል። ልጃችን የዘር ሐረጉን ወረቀት ከመምህሯ መልሳ አምጥታ ባዶውን ቦታ እንዲሞሉት ለአባባ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው የታላቅ ወንድማቸውን ስም በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ ከሥሩም የልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን። ወረቀቱ አልበቃቸውም፤ ጀርባውን ገልብጠው ቀጠሉ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።